ቁጥሩ ለምን ወጣ? ያመለጠችው አንዲት ሴል እና ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ካር-ቲ

ፊላደልፊያ ውስጥ በካር-ቲ የታከመ አንድ የደም ካንሰር ታካሚ ነበር። ካር-ቲ የታካሚውን የራሱን ተከላካይ ሴሎች በጂን ቀይሮ ካንሰር ገዳይ የሚያደርግ ሕክምና ነው። ከሕክምናው በኋላ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። ከሚለኩት ነገሮች አንዱ የካር ጂን መጠን ነው። ይህ ቁጥር ሲወጣ ሐኪሞች ደስ ይላቸዋል፤ የተሰጡት ሴሎች እየተባዙ ነው ማለት ነውና። መጀመሪያ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሄደ። ቁጥሩ ወጣ፣ ካንሰሩ ጠፋ፣ ከዚያ ቁጥሩ ወረደ። ከ9 ወር ገደማ በኋላ ግን ቁጥሩ እንደገና ማሻቀብ ጀመረ። ካንሰሩም አብሮ ተመለሰ።

እነዚህ ሁለት ነገሮች አብረው አይሄዱም። ገዳይ ሴሎቹ ከበዙ ካንሰሩ መቀነስ ነበረበት። ካንሰሩ ከተመለሰ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገዳይ ሴሎቹ ተዳክመዋል ወይም ጠፍተዋል። እዚህ ሰው ላይ ግን ሁለቱም እኩል ይወጣሉ። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን አብጠርጥረው በ2018 ኔቸር ሜዲሲን ላይ አወጡት። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ይህን የቆየ ጉዳይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ካር-ቲን ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ ታካሚው ሰውነት ውስጥ ለመሥራት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ያለባቸው ሰዎች ላይ ተጀምረዋል። ስለነሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ፍጥነትና ስለ ዋጋ ነው። ልክ ነው፣ ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው። እኔ ግን ሙከራዎቹን በዚህ ሰው ጉዳይ በኩል ብናነባቸው የበለጠ ይገቡናል ባይ ነኝ።

የተለመደው መንገድ

ቲ-ሴል ከሰውነታችን ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። ካር ደግሞ ቲ-ሴሉ ላይ የሚተከል ሰው ሠራሽ ተቀባይ ነው። ካንሰሩ ሴል ላይ ያለ አንድ ምልክት ሲያገኝ ይይዘዋል፣ ቲ-ሴሉም ነቅቶ ይገድላል። ቢ-ሴል ከሚባለው ሌላ ተከላካይ ነጭ የደም ሴል ለሚነሱ ካንሰሮች፣ ማለትም ለአብዛኞቹ ሊምፎማዎችና ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች፣ በብዛት የሚመረጠው ምልክት ሲዲ19 የተባለው ፕሮቲን ነው። ጤነኛ ቢ-ሴሎችም ይህ ምልክት አላቸው። ስለዚህ እነሱም አብረው ይመታሉ። ሰው ግን ቢ-ሴል ባይኖረውም በክትትል መቆየት ይችላል።

አሠራሩ ረጅም ነው። የታካሚው ደም በማሽን ያልፍና ነጭ ሴሎቹ ተለይተው ይወሰዳሉ። ወደ ፋብሪካ ይላካሉ። እዚያ ቲ-ሴሎቹ እንዲነቁ ይደረጋል፣ የካሩን ጂን የተሸከመ ቫይረስ ይጨመርባቸዋል፣ ይባዛሉ፣ ይፈተሻሉ፣ በረዶ ሆነው ይመለሳሉ። ሴሎቹ ከመሰጠታቸው በፊት ታካሚው ለ3 ቀን ኬሞ ይወስዳል። ይህ ኬሞ በዋናነት ካንሰሩን ለመግደል አይደለም። ለሚመጡት ሴሎች ቦታ ለማስለቀቅ ነው።

ልፋቱ ግን ያዋጣል። በ2017 የወጣውን ዙማ-1 የተባለ ሙከራ ብንወስድ፣ ሌላ ሕክምና እምቢ ያላቸው 101 የሊምፎማ ታካሚዎች ሴሎቹን ወስደው 82 በመቶዎቹ ላይ ካንሰሩ ቀነሰ፣ 54 በመቶዎቹ ላይ ጨርሶ ጠፋ። ለእነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት የነበረው ተስፋ በጣም ቀጭን ነበር።

ምርመራው

ወደ ፊላደልፊያው ታካሚ እንመለስ። የተመለሱት የካንሰር ሴሎች ሲመረመሩ ሲዲ19 አይታይባቸውም። ይህ ብቻውን ማንንም አያስደነግጥም። ከካር-ቲ በኋላ ካንሰር የሚመለስበት አንዱ የታወቀ መንገድ ምልክቱን ጥሎ መምጣት ነው። ጂኑ ይበላሻል፣ ወይም ፕሮቲኑ ተቆርጦ ይሠራል፣ ካሩም የሚይዘው ነገር ያጣል። ፋይሉ እዚህ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር። «ሲዲ19 አልባ ማገርሸት» ተብሎ ይጻፋል፣ ወደ ሌላ መድኃኒት ይታለፋል።

ያላስቻላቸው ያ ቁጥር ነው። የካር ጂን በደሙ ውስጥ እየበዛ ነው። ታዲያ የት ነው ያለው?

የተለመደው ምርመራ ጂኑን የሚለካው ከደም ናሙና ዲኤንኤ አውጥቶ ነው። በጥቅሉ ስንት እንዳለ ይነግርሃል። በየትኛው ሴል ውስጥ እንዳለ ግን አይነግርህም። ይህን ለማወቅ ሴሎቹን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት የሚያሳልፈው ፍሎ ሳይቶሜትሪ ያስፈልጋል። በዚያ ሲታይ ካሩ የተገኘው ቲ-ሴል ላይ አልነበረም። ሲዲ10 እና ሲዲ22 ያላቸው ሴሎች ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ራሳቸው ካንሰሮቹ ናቸው። ሌባው የዘበኛውን ዩኒፎርም ለብሶ ነው የተገኘው።

ሲዲ19ም አልጠፋም ነበር። ጂኑ ደህና ነው፣ ፕሮቲኑም ይሠራል። ግን የካንሰር ሴሉ ላይ የተተከለው ካር እዚያው በራሱ ሽፋን ላይ ያለውን ሲዲ19 ይዞታል። ሸፍኖታል። ከውጭ የሚመጣ ገዳይ ቲ-ሴል የሚይዘው ነገር አያገኝም። የላብራቶሪው ማቅለሚያም አያየውም። ስለዚህ «አልባ» የተባለው ሴል በእውነቱ አልባ አልነበረም፤ ተደብቆ ነው።

ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ፣ ሴሎቹ ወደነበሩበት የፋብሪካ ከረጢት ወሰዳቸው። ከታካሚው ደም ነጭ ሴሎች ሲለዩ የካንሰር ሴሎችም አብረው ገብተዋል። ደሙ ውስጥ ነበሩና። ቫይረሱ ሲጨመር ከነዚያ አንዷ ካሩን ተቀበለች። አብዛኞቹ የካንሰር ሴሎች በፋብሪካው ቆይታ ይሞታሉ። ይህችኛዋ አልሞተችም። ከቲ-ሴሎቹ ጋር ተመልሳ ደም ሥሩ ውስጥ ገባች። ያገረሸው ካንሰር በሙሉ የዚህች አንዲት ለእናቷ ሴል ዘር ነበር። ታካሚው በበሽታው ሕይወቱ አልፏል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ክስተት እጅግ ብርቅ ነው። ካር-ቲን የሚወስድ ሰው በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። ግን ብርቅ የሆነ ነገር አንዳንዴ ከተለመደው የበለጠ ያስተምራል፤ አሠራሩን ገልብጦ ያሳያልና።

ታዲያ ፍተሻው የት ነበር?

ሰዎች ሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ካር-ቲ ሲተቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ይህን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሴሎቹ ከመሰጠታቸው በፊት የሚያያቸው ሰው አለ። ሰውነት ውስጥ ሲሠራ ግን ማንም አያይም። ቫይረሱ ከገባ ገባ ነው።

እውነት ነው። ግን የፊላደልፊያው ስህተት የተፈጠረው እኮ ፍተሻ ባለበት ቦታ ነው። በፋብሪካው ምን ይታያል? ጀርም አለ ወይ? ሴሎቹ በሕይወት አሉ ወይ? ስንት በመቶው ቲ-ሴል ነው? ስንቱ ካር አለው? በአንድ ሴል ውስጥ ቫይረሱ ስንት ጊዜ ተተክሏል? ከነዚህ አንዱም መቶ ሚሊዮን ሴል ውስጥ ያለችን አንዲት የካንሰር ሴል አይዝም። በዙማ-1 መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 2 ሚሊዮን ካር-ቲ ሴል ነበር። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 140 ሚሊዮን ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ አንዷን ፈልጎ ማውጣት የማይሆን ነገር ነው።

ከፍተሻ ይልቅ የሚሻለው ቀድሞ ማጥራት ነው። በ2020 ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ለማንትል ሴል ሊምፎማ የፈቀደው ቴካርተስ የተባለው ካር-ቲ ሲሠራ ቲ-ሴሎቹ አስቀድመው ይመረጣሉ፤ ደም ውስጥ የሚዞሩት የካንሰር ሴሎች እንዲቀነሱ ነው። እርምጃው ሌላም ጥቅም አለው፣ ቲ-ሴሎቹ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሳሉ ካንሰሩን አግኝተው እንዳይደክሙ ይረዳል።

ሌላው ነጥብ ቫይረሱ ራሱ ነው። በተለመደው አሠራር የካሩን ጂን የሚያደርሰው ሌንቲቫይረስ የተባለው ቫይረስ የሚለብሰው ሽፋን ቪኤስቪ-ጂ ይባላል። ይህ ሽፋን ብዙ ዓይነት ሴል የሚከፍት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይህ አያስጨንቅም ተብሎ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቲ-ሴል ነውና። «በአብዛኛው» የምትለዋ ቃል ናት ጉድ ያፈላችው።

ከረጢት በሌለበት

አሁን ወደ አዲሱ መንገድ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ሴል አይወሰድም፣ ፋብሪካ አይላክም። የካሩን ጂን የተሸከመው ቫይረስ ራሱ እንደ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። ቲ-ሴሎቹን እዚያው ያገኛቸዋል፣ ካር-ቲ ያደርጋቸዋል።

ለሊምፎማ ከተጀመሩት ሙከራዎች መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ኢንቪዝ የሚባለው ነው። መድኃኒቱ አይኤንቲ2104 ይባላል። የሠራው ኢንቴሪየስ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ተመራማሪ ሳር ጊል የመሠረተው የፊላደልፊያ ኩባንያ ነው። ያ ጉዳይ ከተጠናበት ከዚያው ግቢ ማለት ነው። ሙከራው የተጀመረው አውስትራሊያ ውስጥ በ2024 ነው። የሚገቡት ካንሰራቸው ያገረሸ ወይም መድኃኒት እምቢ ያለ አዋቂዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር ይሰጣል።

አውስትራሊያ ለምን? እዚያ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመጀመር ሲቲኤን የሚባል መንገድ አለ። ዋናውን ክብደት የሚሸከመው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው፣ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው እንዲያውቀው ይደረጋል። ፈጠን ይላል። በዚያ ላይ መንግሥት ለትናንሽ ኩባንያዎች ከምርምር ወጪያቸው እስከ 43.5 በመቶ በግብር ይመልስላቸዋል። ስለዚህ ጀማሪ ኩባንያ ሁሉ ወደዚያ ቢጎርፍ አይገርምም።

የኔ ትኩረት ግን ቫይረሱ ማንን እንደሚፈልግ ነው። የአይኤንቲ2104 ሽፋን ሁሉን ሴል እንዳይከፍት ተደርጎ ተቀይሯል። የሚይዘው ሲዲ7 የተባለውን ምልክት ነው። ይህ ምልክት በቲ-ሴሎችና ኤንኬ በሚባሉት ገዳይ ሴሎች ላይ አለ። የቢ-ሴል ሊምፎማ ላይ ግን በተለምዶ የለም። የሚተከለው ካር ደግሞ የሚያድነው ሲዲ19ን ሳይሆን ሲዲ20ን ነው። ብዙዎቹ ታካሚዎች ከዚያ በፊት በሲዲ19 ካር-ቲ የታከሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ ምርጫው ለነሱም ይመቻል።

ሲያትል ያለው ኡሞጃም ዩቢ-ቪቪ111 የሚባል አለው። በ2024 ኤፍዲኤ በሰው ላይ እንዲሞክረው ፈቅዶለታል። የሱ ቫይረስ ሲዲ3ን ይይዛል። ያም ምልክት የቲ-ሴል ብቻ ነው። ካሩ ሲዲ19ን ያድናል። ሌላም ብልሃት አክለውበታል። ራፓማይሲን የተባለው የታወቀ መድኃኒት ሲሰጥ ካሩን የተሸከሙት ሴሎች ብቻ እንዲባዙ የሚያዝ ሁለተኛ ተቀባይ አብሮ ይተከላል።

ሁለቱም ያው አንድ መርህ ይከተላሉ። ቫይረሱ የሚይዘው ምልክት ካንሰሩ ላይ መኖር የለበትም። የፊላደልፊያው ታካሚ ከረጢት ውስጥ የገባው ቫይረስ ይህን ዓይነት አድራሻ አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ግራ የሚያጋባ ድምዳሜ ላይ እንደርሳለን፤ ያለ ፍተሻ የሚሰጠው ቫይረስ በአንድ ሴል ደረጃ ሲታይ ከፋብሪካው ቫይረስ የበለጠ ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል።

ግን እዚህ ላይ ቸኩለን አናጨብጭብ። አደጋው በሁለት ነገር ብዜት ነው የሚለካው። አንደኛው ቫይረሱ ስንቴ ይሳሳታል ነው። ሁለተኛው ስንት የካንሰር ሴል ያገኛል ነው። ከረጢቱ ውስጥ የነበሩት የካንሰር ሴሎች የተወሰኑ ናቸው። ሰውነት ውስጥ ግን 1 ግራም እጢ እስከ 1 ቢሊዮን ሴል ሊይዝ ይችላል። ለምሳሌ ያህል በሚሊዮን አንዴ የሚሳሳት ቫይረስ ቢሊዮን የካንሰር ሴል ቢያገኝ 1,000 ስህተት ይሠራል። በእርግጥ ቫይረሱ ደም ውስጥ ስለሚሰጥ ንፍፊት ውስጥ የተቀበረውን እጢ ሁሉ አይደርስበትም። ብዙውን ጉበትና ጣፊያ ይጠርጉታል። ስለዚህ ሊምፎማው በደምና በመቅኔ ውስጥ በብዛት የሚዞርበት ሰው እና እጢው አንገቱ ላይ ብቻ ያለ ሰው እኩል አደጋ የላቸውም። ሙከራው ውስጥ ሁለቱም «ሊምፎማ» ተብለው በአንድ ሰንጠረዥ ሲቀመጡ ይህ ልዩነት ይጠፋል። እኔ ብሆን ለየብቻ አስቀምጣቸዋለሁ።

መጠኑን ማን ይወስነዋል?

ሌላው የማይመቸኝ ነገር መጠን ነው። በተለመደው ካር-ቲ ስንት ሴል እንደሰጠህ ታውቃለህ። ሰውነት ውስጥ ሲሠራ ግን የምታውቀው ስንት ቫይረስ እንደሰጠህ ብቻ ነው። መድኃኒቱን የሚሠራው የታካሚው ሰውነት ነው። ብዙ ኬሞ ያሳለፈ ሰው፣ በተለይ በቅርብ ጊዜ ቤንዳሙስቲን የተባለውን ኬሞ የወሰደ ሰው፣ ቲ-ሴሎቹ ያነሱና የደከሙ ናቸው። ተመሳሳይ መጠን የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የተለያየ የካር-ቲ ብዛት ሊኖራቸው ይችላል።

ለዚህም ነው እንዲህ ያሉ ሙከራዎች በዝግታ የሚሄዱት። አንድ ሰው ይሰጠዋል፣ ይጠበቃል። ደህና ከሆነ ሁለተኛው ይቀጥላል። መጠኑ ከፍ የሚለው በጥቂት ሰዎች ቡድን እየታየ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው መንቀራፈፍ ይመስላል። አይደለም። በ1999 በዚያው በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ አንድ የ18 ዓመት ወጣት የጂን ሕክምና ቫይረስ በቀጥታ ወደ ሰውነቱ ገብቶ በቀናት ውስጥ ሞቷል። ያ ሌላ ዓይነት ቫይረስና ሌላ በሽታ ነበር። ግን የሰው አካል በደም ሥር ለሚገባ ብዙ ቫይረስ እንዴት ሊቆጣ እንደሚችል ያየ ሰው አይቸኩልም።

ቀድሞ የሚሰጠው ኬሞም እዚህ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኬሞው የሚያጠፋው ቫይረሱ የሚፈልጋቸውን ቲ-ሴሎች ነው። ለታካሚው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኢንፌክሽኑ ይቀንሳል፣ የሆስፒታል ቆይታውም ሊያጥር ይችላል። በሌላ በኩል ቦታ ስላልተለቀቀ አዲሶቹ ካር-ቲዎች ከነባሮቹ ጋር ይሻማሉ። የኡሞጃ ራፓማይሲን ዘዴ ለዚህች ችግር የተሰጠ መልስ ይመስለኛል።

የሚጠበቀው ጊዜም ይለያል። በዚህ ሕክምና ትኩሳት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው ቫይረሱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን ራሱን ሲቃወም። ሁለተኛው ካር-ቲዎቹ ከተሠሩና መባዛት ከጀመሩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ያለፈለት ታካሚ ወደ ቤቱ ቢላክና ሁለተኛው መንገድ ላይ ቢይዘው አደገኛ ነው። ነርሶቹ ይህን የጊዜ ሰሌዳ ከማንም በላይ ማወቅ አለባቸው።

እስካሁን የታየው

ሰውነት ውስጥ ስለሚሠራ ካር-ቲ ቀድሞ ከወጡት የታካሚዎች ውጤቶች አንዱ የመጣው ከሊምፎማ ሳይሆን ከአጎቱ ልጅ፣ ማልቲፕል ማየሎማ ከተባለው ሌላ የደም ካንሰር ነው። የቤልጂየሙ ኢሶባዮቴክ ኢኤስኦ-ቲ01 የተባለውን ሌንቲቫይረስ ቻይና ውስጥ፣ ውሃን ላይ፣ ለ4 ታካሚዎች ሰጠ። ሴል አልተወሰደም፣ ኬሞም አልተሰጠም። በ2025 ላንሴት ላይ ወጣ። ሁለቱ ላይ ካንሰሩ በጥብቅ መለኪያ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ በከፊል ቀነሰ። በካር-ቲ የተለመደው የሳይቶካይን ማዕበል፣ ማለትም ከፍተኛ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ፣ እዚህም መጥቷል። ሰውነት ውስጥ ስለተሠራ የለዘበ ነገር አይደለም።

4 ሰው ትንሽ ነው። ግን ነገሩ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ገንዘቡ ደግሞ ከዚያም በፊት ሮጧል። አስትራዜኔካ በመጋቢት 2025 ኢሶባዮቴክን እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ገዛው። አብቪ ካፕስታን የተባለውን እስከ 2.1 ቢሊዮን በሚደርስ ዋጋ ሊገዛ ተስማማ። በነሐሴ 2025 የጊሊያድ ክንፍ የሆነው ካይት ኢንቴሪየስን በ350 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። እነዚህ ግዢዎች ስለ ሕክምናው ደህንነት የሚነግሩን አንዳች ነገር የለም። የሚነግሩን ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፋብሪካው መሄጃው ደርሷል ብለው መወራረዳቸውን ነው።

ውርርዱ ምክንያት አለው። በ2017 የተፈቀዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካር-ቲዎች ሲወጡ አንዱ 475,000 ሌላው 373,000 ዶላር ነበር ዋጋቸው። ጊዜውስ? ጁሊየት በተባለው የሊምፎማ ሙከራ 165 ሰው ተመዝግቦ ሴሎቹን እስከ መውሰድ የደረሱት 111 ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ሴላቸው ሳይደርስ ነው ከመንገድ የወጡት፤ በሽታው ጠንቶባቸው፣ ሞተው፣ ወይም ሴሉ አልሠራ ብሎ። ያችን ያመለጠች ሴል ስናስብ እነዚህንም ማሰብ አለብን። በአንድ በኩል እጅግ ብርቅ የሆነ ስህተት አለ። በሌላው በኩል በየሙከራው የሚታይ መጠበቅ አለ። ለሚሯሯጥ ሊምፎማ ሴሉ ተሠርቶ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት እንኳ መጠበቅ ረጅም ነው። ለዚህም ነው በአደጋው ምክንያት መንገዱ ይዘጋ ከሚሉት ጋር የማልስማማው።

ሌንቲቫይረስ ካስፈራ ሌላ ምርጫም አለ፣ ኤምአርኤንኤ የሚባለው ለአጭር ጊዜ የሚቆይ የጂን ትእዛዝ ቅጂ። በስብ ቅንጣት ተጠቅልሎ ይሰጣል፣ ቲ-ሴሉን ለቀናት ካር ያለብሰዋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ዲኤንኤ ውስጥ አይተከልም። በስህተት የካንሰር ሴል ውስጥ ቢገባም ከሴሉ ዘር ጋር አይተላለፍም፤ የፊላደልፊያው ዓይነት ታሪክ በዚህ መንገድ ሊፈጠር አይችልም። ካፕስታን የያዘው ይህን ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ለሚያጠቃባቸው በሽታዎች። ለነሱ በጣም የሚመች ይመስለኛል። ለሊምፎማ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሊምፎማ ጥቂት ሴል ከተረፈው ይመለሳል። ለቀናት ብቻ የሚቆይ ካር ደጋግሞ ካልተሰጠ የመጨረሻዎቹን ይደርስባቸዋል ወይ?

ሪፖርቶቹ ሲመጡ ምን እንይ?

የፊላደልፊያው ጉዳይ አንድ ተግባራዊ ነገር ያስገድደናል። «ካር በደም ውስጥ ተገኝቷል፣ እየጨመረም ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን በቂ አይደለም። በየትኛው ሴል ላይ? ይህ በእያንዳንዱ ናሙና መመለስ አለበት። የዲኤንኤው ልኬትና የፍሎ ሳይቶሜትሪው ልኬት ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሁለቱ ሲራራቁ፣ ጂኑ ሲጨምር ካር ያላቸው ቲ-ሴሎች ካልጨመሩ፣ ያኔ ደወሉ ይደወል።

ካንሰሩ ሲያገረሽ ደግሞ የሚወሰደው ናሙና ሁሉ ለካር ይመርመር። ምልክቱ «የለም» ሲባል በሴሉ ውስጥ ጭምር ይታይ፤ ካሩ የሚይዘውን ቦታ ብቻ በሚያይ ማቅለሚያ አይወሰን። ሲዲ22 ወይም ሌላ የቢ-ሴል ምልክት አብሮ ይታይ። ብዙ ወጪ የለውም። ፊላደልፊያ ላይ መልሱን ያመጣው የሆነ ረቂቅ መሣሪያ አይደለም፣ ሁለት የማይገጥሙ ቁጥሮችን አይቶ «ቆይ እስቲ» ያለ ሰው ነው።

ቲ-ሴሉ ራሱም ይታይ። በጥር 2024 ኤፍዲኤ ካር-ቲዎች ላይ የቲ-ሴል ካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ብርቅ ነው፣ ግን አለ። በፋብሪካ ሲሠራ በአንድ ሴል ውስጥ ቫይረሱ በአማካይ ስንቴ እንደተተከለ ቀድሞ ይለካል። ሰውነት ውስጥ ሲሠራ ይህ የሚታወቀው ከተሰጠ በኋላ፣ ከደም ናሙና ነው።

ዲኤንኤ ውስጥ የሚተከል ቫይረስ ለተሰጠው ሰው ኤፍዲኤ እስከ 15 ዓመት ክትትል ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሙከራ ውስጥ እንዲገባ የተጠየቀ ሰው ሐኪሙን ቢጠይቅ የምመክረው ነገር አለ። ቫይረሱ የሚይዘው ምልክት የኔ ካንሰር ላይ መኖር አለመኖሩ ከኔ ናሙና ታይቷል ወይ? ሁለተኛው ትኩሳት ቢመጣ የት ነው የምሄደው? ሌላም አለ። ኢንቪዝን የጀመረው ኩባንያ የመጀመሪያው ታካሚ መድኃኒቱን ከወሰደ አንድ ዓመት ሳይሞላ ለሽያጭ ተስማምቷል። 15 ዓመት ረጅም ነው። ባለቤቱ ቢቀየር፣ መድኃኒቱ ቢተው፣ ናሙናዬን ማን ያስቀምጠዋል? የዓመት ምርመራዬን ማን ይከፍላል? መልሱ በቃል ሳይሆን በሚፈረመው ቅጽ ላይ ይጻፍ።